ክትባት የልጅን ሰውነት ያሰንፋል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የልጅ ሰውነት በሽታን መመከት በተፈጥሮው ያውቅበታል፣ ክትባት ግን ያሰንፈዋል የሚል ነው። የምሠራው ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ስለሆነ ጽሑፉ እኔ ዘንድ የደረሰው በእናቶች እጅ ነው። ልጃቸውን አዝለው፣ ስልካቸውን አውጥተው "ሲስተር፣ ይኼ ነገር እውነት ነው እንዴ?" ይላሉ። አስረድቼያቸው የሚያስከትቡ አሉ። ካርዳቸውን አጣጥፈው የሚመለሱም አሉ፤ ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረጉኝ እነሱ ናቸው።

ጸሐፊው ሰው ለማሳሳት ተነስተዋል ብዬ አላምንም፤ ለልጆች መጨነቃቸው ከየአንቀጹ ይታያል። የሚሉትን እሳቸው ባሉት መጠን ላስቀምጥ። እናቶቻችን ያለ ክትባት ልጅ አሳድገዋል። ታሞ በመዳን የሚገኝ መከላከያ እውነተኛ ነው፣ በመርፌ የሚገኘው ግን ሰው ሠራሽና ቶሎ የሚጠፋ ነው። ከክትባት በኋላ የሚመጣው ትኩሳት መርዝነቱን ይመሰክራል። የተከተቡ ልጆችም ኩፍኝ ይዟቸዋል፣ ስለዚህ አይሠራም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ልጃገረዶችን የማምከን ዓላማ ሊኖረው ይችላል። በመጨረሻም፣ በጦርነቱ ጊዜ ክትባት ያቋረጡ ልጆች አሁን ተመልሰው ቢጀምሩ ጥቅም የለውም።

"እናቶቻችን ያለ ክትባት አሳድገውናል" የሚለው ልብ የሚነካው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዎ፣ አሳድገዋል። ነገር ግን አንዲትን የኩታበር አሮጊት "እማማ፣ ስንት ልጅ አሳደጉ?" ብሎ መጠየቅና "ስንት ወለዱ?" ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። ሁለቱን መልሶች አስተያዩአቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በየመቃብሩ ያለ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አገራችን ውስጥ ከሚወለዱ 1000 ልጆች 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 መውረዱን አሳይቷል። ይህን ሁሉ ያመጣው ክትባት ብቻ ነው አልልም። ንጹሕ ውሃ አለበት፣ አጎበር አለበት፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። ግን "ድሮ እኮ ደህና ነበር" የሚለውን ሰው ልጠይቀው የምፈልገው ለማን ነበር ደህና የነበረው ብዬ ነው። እኛ የተረፍነው ስለ ድሮው እንመሰክራለን፤ ያልተረፉት ግን እንዲህ ባለ ክርክር ውስጥ ድምፅ የላቸውም።

ጸሐፊው ስለ ጡት ወተት፣ ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ነጭ ሽንኩርት የጻፉትን አልቃወምም። የእናት ጡትማ እስከ ስድስት ወር ብቻውን በቂ ነው፣ ከብዙ ነገርም ይጠብቃል። አብረው ያነሱትን ማር ግን እባካችሁ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ባክቴሪያ ለአዋቂ ምንም ሳይሆን የሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል።

የጽሑፉ ሁሉ ምሰሶ ሁለተኛው ክርክር ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ። ኩፍኝ አንዴ የወጣለት ሰው አይደገምበትም ማለታቸው ትክክል ነው። ስህተቱ ክትባት ሌላ ዓይነት መከላከያ ይሰጣል ብለው ማሰባቸው ላይ ነው። ክትባት ራሱ አንድም ተሕዋስ አይገድልም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የተዳከመ ወይም የሞተ ተሕዋስ፣ አለዚያም የተሕዋሱ ቁራጭ ነው። የቀረውን ሥራ በሙሉ የሚሠራው የልጁ የገዛ ሰውነቱ ነው።

ሕፃኑ ጭኑ ላይ ሲወጋ በዚያ አካባቢ ያሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የገባውን ባዕድ ነገር ይውጡታል፣ ይቆራርጡታል፣ ቁራጩንም ይዘው በብሽሽት ወዳሉት ዕጢዎች ይሄዳሉ። ስንታመም አብጠው ንፍፊት የምንላቸው ዕጢዎች ናቸው። እዚያ ውስጥ እጅግ ብዙ ሌሎች ነጭ ሕዋሳት አሉ፣ የእያንዳንዳቸው ቅርፅም የተለያየ ነው። እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው፤ አብዛኞቹ ለመጣው ቁራጭ አይገጥሙም። የሚገጥመው ሲገኝ መባዛት ይጀምራል፣ አንዱ በሺህ የሚቆጠር ይሆናል። ከእነዚህ ነጭ ሕዋሳት አንዱ ዓይነት ተሕዋሱን የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል፣ ሌላው ዓይነት በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን ፈልጎ ያጠፋል። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እውነተኛ ትክትክ ወይም ዘጊ አናዳ የያዘው ሕፃን ያጣው እነዚያን ሁለት ሳምንታት ነው። ሰውነቱ መልሱን እያዘጋጀ ሳለ በሽታው ይቀድመዋል።

የተከተበው ልጅ ግን ያን ዝግጅት አስቀድሞ ጨርሶታል። ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ በዕጢዎቹና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቆያሉ። ትክክለኛው በሽታ ሲመጣ በቀናት ውስጥ ይነሳሉ። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታ የተባለው ክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። በየዙሩ ይበልጥ አጥብቆ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚያመርቱት ሕዋሳት እየተመረጡ ይበዛሉ። እንግዲህ ስንፍናው የቱ ጋ ነው? ሕዋሳቱ ያው ናቸው፣ ዕጢዎቹም ያው ናቸው። የሚለየው የሚከፈለው ዋጋ ነው።

ዋጋውን በኩፍኝ እንየው። የታመመው ልጅ ዓይኑ ይቀላል፣ ብርሃን ማየት ስለማይችል ጓዳ ውስጥ መጋረጃ ተጋርዶለት ይተኛል። አፉ ውስጥ ይቆስልና ጡት ያስጠላዋል። ሽፍታው ከጆሮው ጀርባና ከፊቱ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ ቤተሰቡ "ወጣለት" ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ዋናው ጉዳት ግን በቆዳው ላይ አይታይም። የኩፍኝ ቫይረስ በቀጥታ የሚያጠቃው እነዚያኑ፣ ያለፉ በሽታዎችን የሚያስታውሱትን ነጭ ሕዋሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 77 ያልተከተቡ የኔዘርላንድስ ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መርምሮ ነበር። ልጆቹ በሌሎች በሽታዎች ላይ አከማችተውት ከነበረው አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው ጠፍቶ ተገኘ። ጸሐፊው ሰውነትን ያጠነክራል ያሉት በሽታ ሰውነት የተማረውን ያስረሳል ማለት ነው። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ከሳምንታት በኋላ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሲሞት "ኩፍኙስ ለቆት ነበር" የሚባለው ይህ ስለማይታይ ነው። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

ወሎ 66ትንና 77ትን ያየ አገር ነው፤ የረሀብ ጊዜ ሞት ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የተራበ ሰውነት ላይ ተላላፊ በሽታ ሲጨመር ነው ሕዝብ የሚያልቀው። በ1992 ዓ.ም. ድርቅ ጎዴ አካባቢ የተደረገ ጥናት ከሞቱት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች መካከል በ22 በመቶዎቹ ሞት ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከክሳት ጋር ሆኖ እጁ እንዳለበት አግኝቷል። "ታሞ መዳን ይሻላል" የሚለው ምክር ያን ጊዜ ለማን ይነገር ነበር?

ታሞ መዳን ምንም የማያስተምርበት በሽታም አለ። መንጋጋ ቆልፍ የያዘውና በዕድል የተረፈ ሰው ነገ ዳግመኛ ሊይዘው ይችላል። የባክቴሪያው መርዝ እጅግ ኃይለኛ ከመሆኑ የተነሳ ሰው የሚገድለው መጠን የሰውነትን መከላከያ ለማንቃት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ከመንጋጋ ቆልፍ የዳነ ሰውም መከተብ አለበት። በዚህ በሽታ ላይ የተፈጥሮ መከላከያ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የክትባቱ ብቻ ነው። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ተቆርጦ፣ ወይም ቁስሉ ላይ እበት ተደርጎበት፣ በሳምንቱ ጡት መጥባት አቅቶት ደርቆ የሚሞተውን አራስ ሕፃን የሚጠብቀው እናቱ በእርግዝና ጊዜ የወሰደችው ክትባት ነው። የእሷ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ይደርሰዋል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማውጣቷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ሰው ላይ አላምንም የሚል ካለ ከብቱን ይመልከት። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አቃተው፣ ክፉ ቀን የሚባለውም ረሀብ ተከተለ። ከዚያ እልቂት የተረፉት ከብቶች ጸሐፊው የሚያወድሱት ዓይነት፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ መከላከያ ነበራቸው። ታዲያ በሽታው ጠፋ? አልጠፋም። ጥጃ በተወለደ ቁጥር አዲስ ማገዶ እያገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ያጠፋው ክትባት ነው። በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከኮምቦልቻ ቁልቁል በሚገኘው በአፋር ሙቀት የሚችል ክትባት ከአርብቶ አደሩ ከራሱ ተመርጠው በሠለጠኑ ሰዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ ታወጀ። የዚህ በሽታ ቫይረስ የኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬም ገበሬያችን የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት መጣ ሲባል ከብቱን እየነዳ ይወጣል፤ የበሬውን ሰውነት ያሰንፍብኛል ብሎ አይሰጋም። ለልጁም ይኸው እምነት እንዲኖረው እመኛለሁ።

ወደ ትኩሳቱ ልለፍ። ትኩሳት ይመጣል፤ የተወጋው ጭን ያብጣል፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። እውነት ነው፤ እናት አስቀድሞ ካልተነገራት መደንገጧም ትክክል ነው። ትኩሳቱን የሚያመጣው ግን ቅድም ያልኳቸው ነጭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚጠራሩበት ኬሚካል ነው፤ ማንኛውም ሕመም ሲይዘን የሚያተኩሰንም ያው ነው። እኛ አገር በሚሰጠው ፔንታ ውስጥ ያለው የትክትክ ክትባት ሙሉው የሞተ ባክቴሪያ ስለሆነ ትኩሳቱ ይበዛል። ሀብታም አገሮች የሚጠቀሙበት የተጣራ ዓይነት ትኩሳቱ ያነሰ ነው፣ መከላከያው ግን ቶሎ ይደክማል። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሆነው የቢሲጂውም ነገር እንዲሁ ነው። ከሳምንታት በኋላ ክንዱ ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ መግል ይይዛል፣ ከዚያ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ቅጠልም ቅቤም አታድርጉበት፣ አታፍርጡት።

ከባድ አለርጂ ሊነሳ ይችላል ያሉትንም አልክድም። ከአንድ ሚሊዮን ክትባት አንድ ገደማ ላይ ይከሰታል፤ የሚከሰተውም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ነው "ትንሽ ቁጭ በይ" የምንላት። በአንድ ቀን ሁለት መርፌና ጠብታ መስጠት ሕፃኑን ያጨናንቀዋል የሚለው ግን ሕፃን የሚኖርበትን ዓለም ይረሳል። ከማኅፀን ወጥቶ የመጀመሪያውን ጡት ከመጥባቱ ጀምሮ ቆዳውና አንጀቱ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ተሕዋስ ይሠፍራል፤ ሰውነቱም ይህን ሁሉ እያስተናገደ ነው የሚያድገው።

"የተከተቡትም ታመዋል" የሚለው ክርክር ብዙ ሰው ስላሳመነ በቁጥር ላሳይ። በዘጠኝ ወሩ የሚሰጠው የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲ ገና ጨርሶ ያልጠፋበት ልጅ ላይ ክትባቱ በደንብ ላይዝ ይችላል። እንግዲህ 100 ልጆች አሉ እንበል፤ 90ዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተከትበዋል፣ 10ሩ ፈጽሞ አልተከተቡም። ኩፍኝ ገብቶ ሁሉንም ቢያዳርስ ከተከተቡት 13 ወይም 14 ይታመማሉ፤ ካልተከተቡት 10ሩም ይታመማሉ። ሰው "ከታመሙት የሚበዙት የተከተቡት ናቸው!" ብሎ ይጽፋል፤ አልዋሸም። ነገር ግን ከተከተቡት ከ75 በላይ ድነዋል፣ ካልተከተቡት አንድም አልዳነም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ ዙር የተጨመረው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው፤ ሁለቱን የወሰዱት ላይ መከላከያው 95 በመቶ አካባቢ ይደርሳል።

ኩፍኝ ደግሞ አንዱ ቤት ገብቶ የሚቀር በሽታ አይደለም። ታማሚው ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። መስኮቱ ተዘግቶ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ይዞ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ የታመመ ልጅ ቢኖር፣ እናቱ እቅፍ ያለው የስድስት ወር ሕፃን ገና ለክትባት አልደረሰም። እሱን የሚጠብቀው የሌሎቻችን ልጆች መከተብ ብቻ ነው። "የራሴ ልጅ ጉዳይ ነው" ለሚለው አንቀጽ መልሴ ይኸው ሕፃን ነው።

ጸሐፊው በትክክል ያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። መብራት ሲጠፋ ክትባቱ አይበላሽም ወይ? ሊበላሽ ይችላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ለዚህም ነው ብልቃጡ ላይ ምልክት የተደረገው። ትንሽ ክብ አለች፣ በመካከሏ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን አለች። ሙቀት በነካት ቁጥር አራት ማዕዘኗ ትጠቁራለች። ከክቡ ጋር ቀለሟ ከተስተካከለ ብልቃጡ ይጣላል። ማንኛዋም እናት "አሳዩኝ" ብላ ማየት መብቷ ነው፤ ባለሙያውም ሊቆጣት አይገባም። ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ መጥታ "ዛሬ ቢሲጂ የለም፣ ሐሙስ ነይ" የምትባለዋ እናት ማዘኗም ተገቢ ነው። የ20 ልጅ ብልቃጥ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ነው ልጆች እስኪሰበሰቡ የሚጠበቀው፤ ግን ምክንያቱ ሳይነገራት የምትመለስ እናት ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። ይህ የጤና ባለሙያዎች ጉድለት ነው፣ መታረምም አለበት።

ስለ ማምከን የተባለው ላይ ብዙ አልቆይም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶቻችን ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 53 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ደርሷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች በሁለተኛ ደረጃ የሚገኘውን የማኅፀን በር ካንሰር የሚከላከል ነው። ስዊድን ውስጥ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሴቶች የተከታተለ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ ካንሰሩ በ88 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ማኅፀን ለማዳን የመጣን ነገር ማኅፀን ያመክናል ማለት እናትየዋን ያስፈራል፣ ልጅቷን ግን ለአደጋ ያጋልጣል። ክትባት የባዕድ ነገር ነው ለሚሉትም፣ ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን ፈንጣጣ ቀለል ካለበት ሰው መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየበጡ ያስገቡ ነበር። አደገኛ ዘዴ ነበር፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

የቀረው የጦርነቱ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ የምናውቀው ነው። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ሰው ተሰደደ፣ ክትባቱም ተቋረጠ። ጸሐፊው "የተቋረጠ ክትባት ዋጋ የለውም፣ እንደገና መጀመርም ልጁን ማሠቃየት ነው" ይላሉ። ይህ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ስህተት ነው፤ ብዙ እናቶች አምነውበት ቤታቸው ቀርተዋልና። ያቋረጠ ልጅ ከመጀመሪያው አይጀምርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ፔንታ አንድን ወስዶ የቀረ ልጅ ሲመለስ የሚሰጠው ፔንታ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተፈጠሩት የሚያስታውሱ ሕዋሳት አሁንም በዕጢዎቹ ውስጥ አሉ፤ የዘገየው ዙር ሲደርስ ከዚያው ይነሳሉ። እንደ ሮታ (የተቅማጥ መከላከያ ክትባት) ያሉ የዕድሜ ገደብ ያላቸው ጥቂት ክትባቶች አሉ፤ የትኛው እንደሚሰጠው፣ የትኛው እንዳለፈው ባለሙያው አይቶ ይነግራታል። ካርዱ ከጠፋ ከመዝገብ ይፈለጋል። መዝገቡም አብሮ ከጠፋ፣ ልጁ እንዳልወሰደ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፤ ከዚህ በፊት ወስዶት ቢሆን እንኳ አንድ ዙር ቢደገምለት አይጎዳውም።